ጓዳዬን የያዘችው የድሬ ልጅ

በእኛ ወጣትነት ድግስ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ስንት በግ ይታረድ፣ ስንት ጋን ይጠመቅ አልነበረም። ጓዳውን ማን ይያዝ ነበር። ጓዳ የምትይዘው ሴት ወጥ አትሠራም፣ እንግዳም አትቀበልም። ስንት ሌማት እንጀራ እንደቀረ፣ የትኛው ድስት ለሙሽራው ወገን እንደተከደነ፣ የትኛው ጋን ገና እንዳልተከፈተ ግን ታውቃለች። እሷ ከዘነጋች ድግሱ ከቀትር በኋላ ይዋረዳል። ስለዚህ ጓዳ ለባዳ አይሰጥም። እኅት ወይም አክስት ትይዘዋለች፤ ቢጠፋ ቢጠፋ አብሮ አደግ።

ይህን የማነሣው እኔ በ61 ዓመቴ፣ ጉርድ ሾላ ቤቴ ተቀምጬ፣ ጓዳዬን ድሬዳዋ ለምትኖር፣ በአካል አይቻት ለማላውቅ ልጅ ስለሰጠሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ሲዘጋጋ ልጄ ቤት ዋለች። የመጀመሪያው የልጅ ልጄ ስድስት ወሩ ነበርና ገንፎ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። እኔም እናቴ ለእኛ ታደርግ እንደነበረው ገብሱን፣ አጃውን፣ ስንዴውንና ሽምብራውን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ቆልቼ፣ ትንሽ ለውዝ ጨምሬ አስፈጨሁላት። ፎቶ አንሥታ ለጓደኞቿ በቴሌግራም ላከች። በሳምንቱ አምስት እናቶች «ለእኔም» አሉ። በወሩ ልጄ ቻናል ከፈተች። ገንፎው ሽሮ አስከተለ፣ ሽሮው በርበሬ አስከተለ። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ ሞተረኛው ብር ተሸክሞ የሚመለስበት ጣጣ ቀለለልን። ንግድ ፈቃድ አወጣን፤ እህል የሚለቅሙና የሚቆሉ ሦስት ሴቶች ቀጠርን። ሁለቱ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው።

በ2016 ክረምት ልጄ ባሏን ተከትላ ቶሮንቶ ሄደች። የልጅ ልጄን ይዛብኝ ሄደች ማለት ይሻላል። ቻናሉ ግን እዚሁ ቀረ፤ በቀን ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ትእዛዝ ይመጣበታል።

እኔ በርበሬ አውቃለሁ። ዛላውን በእጄ ሰብሬ ደረቅ መሆኑን፣ ጠረኑን አሽትቼ የዘንድሮ መሆኑን እነግራችኋለሁ። ትእዛዝ ግን አላውቅም። የትኛዋ ደንበኛ ከፈለች፣ የትኛዋ «ነገ» አለች፣ ሞተረኛው የት ደረሰ? ይህን ሁሉ ልጄ ነበረች በአንድ ስልክ የምትይዘው። በዚያ ላይ የባቡሩ ጣጣ አለ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ሰፈራችን ሁለት ፌርማታ ደረሰው፤ ጉርድ ሾላ አንድ እና ጉርድ ሾላ ሁለት። ከዚያ ወዲህ «ጉርድ ሾላ ና» የተባለ ሞተረኛ ሁሉ ከሁለቱ የተሳሳተው ጋ ቆሞ ይደውላል።

የወንድሜን ልጅ ጠራሁት። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ፣ ሰው የሚወድ፣ ከተማውን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ጥሩ ልጅ ነው። ዛሬም ጥሩ ልጅ ነው እላለሁ። ችግሩ የደንበኛው ብር በገዛ ስልኩ መግባቱ ነበር። «አክስቴ፣ ነገ አስገባዋለሁ» ይለኛል። ነገ ካርድ ይሞላበታል፤ ከነገ ወዲያ ለጓደኛው ያበድረዋል። ባለቤቴ በሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ የወጣ ሰው ነውና ሁለት ወር ሳይሞላ ቁጭ ብሎ ሲደምረው 9,400 ብር ጎደለ። አልሰረቀም፤ በተነው። እኔም ልቆጣው አልቻልኩም። የሥጋ ዘመድ ሠራተኛ ሲሆን የምትቆጡበትን አፍ ታጣላችሁ። ስትቆጡ ልጁን ብቻ አይደለም የምትቆጡት፣ አባቱንም እናቱንም ነው፤ በሚቀጥለው ክርስትና ደግሞ አንድ ገበታ ላይ ትቀመጣላችሁ። ጉድለቱን ከራሴ ሸፍኜ «ትንሽ ዕረፍ» አልኩት። ገባው። ለአባቱ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም።

ልጄ በስልክ «እማ፣ ወይ ዝጊው፣ ወይ ኦፕሬሽን ማናጀር እንቅጠር» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሥራው እንዲሄድ የምታደርግ ሰው። ትእዛዝ የምትቀበል፣ ሞተረኛ የምትመድብ፣ የቀረውን ዕቃ የምትቆጥር፣ ቅሬታ የምትሰማ።»

«ጓዳ የምትይዝ በይኛ!»

ሣቀች። ከዚያ ሰውየዋ ቤት መምጣት እንደሌለባት፣ የትም ከተማ ሆና በስልክና በኮምፒውተር መሥራት እንደምትችል ነገረችኝ። «ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ደመወዙም ይቀንሳል» ስትል ግን አልወደድኩላትም። አንድ ዓይነት ሥራ ሠርታ ከመገናኛ ስላልመጣች የሚቀነስባት ምክንያት አልታየኝም። ለአዲስ አበባ ሰው የምንከፍለውን ለመክፈል ተስማማን።

መዝጋቱንም አስቤበት ነበር። የመለሱኝ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አንዷ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን ትጠይቀኛለች፤ ደመወዟን ከዚያ ቀን በፊት እንድሰጣት። ቻናሉ ተዘጋ ማለት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ልጄ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። «የምታውቂውን ሁሉ ጻፊው።» ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ አንድ ደብተር ሞላ። ለካ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማወቁን አያውቅም። የሕፃናት እህል በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ እግር በእግር አይገባም። የልጆች እህል ጆንያ መሬት አይነካም፣ ግድግዳም አይጠጋም። ለውዝ ከተጨመረበት ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ አለና። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያሉት እናት በርበሬያቸውን ያለ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚወስዱት። በዐቢይ ጾም ሽሮ፣ በሰሞነ ሕማማት በርበሬ ያልቃል። የሞተረኞቹን ስልክ ጻፍኩ፤ ከመጨረሻው ገጽ ላይ የወንድሜን ልጅ ስልክም ጻፍኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ያንን ደብተር ባለቤቴ በኮምፒውተር ገለበጠው። እውነቱን ለመናገር ሰው ባንቀጥርም ኖሮ ደብተሩ ብቻውን በጠቀመን ነበር፤ ሦስቱ ሴቶች እኔን መጠየቅ ትተው እሱን መጠየቅ ጀምረዋል።

በአራት ቀን 71 ሰው አመለከተ። ሁሉም «ታታሪ፣ ጫና የሚችል» ነው። የ71 ሰው ታታሪነት አንብቤ ስጨርስ ማንንም አላወቅኩም። ባለቤቴ ነው መላ ያመጣው፤ «በእኛ ላይ የደረሰውን አንድ ችግር ስጫቸውና ምን እንደሚያደርጉ ይጻፉ» አለ። የሰጠነው ይህን ነበር፦ ሞተረኛው ደንበኛዋ በር ላይ ቆሟል። እሷ «ብሩን ልኬአለሁ» ብላ የክፍያውን ምስል ልካለች። የእኛ አካውንት ላይ ግን ብሩ የለም። ምን ታደርጋላችሁ?

ይህ ችግር በየቴሌግራም ሱቁ ያለ ነው፤ የሐሰት የክፍያ ምስል ሠርቶ መላክ የልጆች ጨዋታ ሆኗል። አንዱ አመልካች «ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ እሰጣለሁ» አለ። አንዷ ፖሊስ ልትጠራ ነው። የድሬዳዋዋ ልጅ የጻፈችው እንዲህ ነው፤ «ሞተረኛውን የቆመበትን እከፍልሃለሁ ብዬ አቆየዋለሁ። ለደንበኛዋ ብሩ እንዳልታየን ነግሬ የግብይት ቁጥሩን እንድትልክ እጠይቃታለሁ። ኔትወርክ ይሁን ውሸት በእሱ ይለያል። እስኪለይ ግን ዕቃው ከሞተረኛው እጅ አይወጣም፤ እሷንም አልሰድባትም። አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ በወር ስንት ጊዜ ይገጥማችኋል? ከሁለት ጊዜ በላይ ከሆነ ችግሩ ከደንበኛዋ ሳይሆን ከአሠራራችሁ ነው።»

በየሳምንቱ ነበር የሚገጥመን። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር አናደደችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሣቀ፤ «ይቺን ጥሪያት» አለ።

በቪዲዮ ተገናኘን። ገና ከሰላምታው «አንቺ ደኅና ነሽ?» አለችኝ። ክው አልኩ። ልጆቼ እንኳ በእንግዳ ፊት አንቱ የሚሉኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ከጎን ሆኖ በሹክሹክታ «ድሬ ነች፣ ድሬ ላይ አንቱ የለም» አለኝ። እውነትም ድሬዎች ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ማለታቸውን ስሰማ ነው የኖርኩት፤ በራሴ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። ከኋላዋ ሕፃን አለቀሰ። አልደበቀችም፤ «ልጄ ነው፣ አንድ ደቂቃ» ብላ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በአንድ የትራንዚት ቢሮ አራት ዓመት ሠርታ፣ ከወለደች በኋላ ልጁን የሚይዝላት አጥታ ነው ሥራ የለቀቀችው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለሚከብድ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማትሠራ፣ በምትኩ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደምትጀምር ቀድማ ነገረችን። ይህም ገረመኝ፤ ሥራ ፈላጊ የማይችለውን ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ዋስ ጠየቀ። በእሱ ዘመን ያለ ዋስ ሰው አይቀጠርም።

«ዋስ አለኝ፣ አባቴ አለ» አለችው። «ግን አቦ፣ ዋስ የሚጠቅማችሁ ብሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ብሩ መጀመሪያውኑ በእኔ እጅ እንዳያልፍ አድርጉት። በንግዱ አካውንት ይግባ፤ እኔ መግባቱን ልይ እንጂ ማውጣት አልቻል።»

ይህን ስትል የወንድሜ ልጅ ትዝ አለኝ። ያንን ልጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሰው ብር ኪሱ ውስጥ እንዲያድር ፈቅጄ ስለጎደለ አዘንኩበት።

የፋይዳ መታወቂያዋን አየን፤ የቀድሞ አለቃዋ ጋ ደወልን። ባለቤቴ «ታማኝ ናት ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ነበር። እንደዚያ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው አዎ ይላል። እኔ ስልኩን ወስጄ «ስትሳሳት ምን ታደርጋለች?» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «ሌላ ሰው ሳያውቅ ቀድማ ትናገራለች፤ ያናድዳል» አለ።

ውሉን ስናዘጋጅ ባለቤቴ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አትሞ አመጣ። በስልክ የሚሠራ ሥራ ሕግ የለውም ብዬ አስብ ነበር። አዋጁ ግን ቤቱ ሆኖ፣ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር በደመወዝ ስለሚሠራ ሰው አንድ ክፍል አለው። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ላይም ነበር። የሚሠራበትን ቦታ አድራሻ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የክፍያውን መጠንና አከፋፈል አሠሪው መዝግቦ እንዲይዝ ያዛል። ቤቷ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትል ለነበረች ሴት የተጻፈ ይመስላል። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ፣ ጡረታው እኛ 11 በመቶ፣ እሷ 7 በመቶ እንድንከፍል አስገባን። እሷ ጡረታው እንዳይቀር ነው አጥብቃ የጠየቀችው። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ሥራ ጀመረች።

ወንድሜ በማግስቱ ሰማ። ደውሎ «ጓዳሽን ለባዳ ሰጥተሽ ልጄን ሌባ አስመሰልሽው» አለኝና ዘጋው። ገና መጣ፤ ወንድሜ አልመጣም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ገናን ተለያይተን ውለን አናውቅም። ዶሮው ቀረበ፣ ማንም የኔን ፊት አላየም። ልክ ሠርቼ ነው ወይስ ለ9,400 ብር ወንድም ሸጥኩ እያልኩ አመሸሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔም አላረፍኩም። ቴሌግራም ላይ ሰው ሲገባ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ያቺን ነጥብ እንደ መሥሪያ ቤት የፊርማ መዝገብ መጠበቅ ጀመርኩ። ነጥቧ ከጠፋች እደውላለሁ። «ምነው ጠፋሽ?» «ያቺ ሴትዮ ከፈለች?» «ሞተረኛው ወጣ?» ባለቤቴ አንድ ቀን ቆጥሮ አሥራ አንድ ጊዜ መደወሌን ነገረኝ። «አዋጁ ‹ያለ ቀጥተኛ ቁጥጥር› ነው የሚለው፤ አንቺ አፍርሰሽዋል» ብሎ አሾፈብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ራሷ ደወለች። «አንቺ፣ የቀጠርሽው እኔን ነው ወይስ አረንጓዴዋን ነጥብ?»

መልስ አልነበረኝም።

«በደወልሽ ቁጥር ልጁ ይነቃል። እሱን ሳስተኛ አንድ ትእዛዝ ይዘገያል። ትእዛዝ ስለዘገየ ትደውያለሽ። ማታ ማታ ሦስት መስመር እጽፍልሻለሁ፤ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ፣ ምን ያሰጋል። ከዚያ በፊት እኔ ካልደወልኩ ሥራው ደኅና ነው ማለት ነው።»

እኔ ግን በልቤ ደኅና ላይሆን ይችላል እል ነበር። ልጅ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። ስልኩን ለባለቤቴ ሰጥቼ እህል መልቀም ጀመርኩ። ማታ ሦስቱ መስመር መጣ። በማግስቱም መጣ። በየምሽቱ መጀመሪያ የማነበው ሦስተኛውን መስመር ሆነ። «ጉርድ ሾላ ሁለት የቆመ ሞተረኛ የለም፤ ካርታው ላይ የግቢውን በር ምልክት አድርጌ ለሁሉም ልኬአለሁ።» አምስት ዓመት ያልተፈታውን ጣጣ ጉርድ ሾላን ረግጣ የማታውቅ ልጅ በካርታ ፈታችው። የሙከራ ጊዜው ጥር መጨረሻ ላይ ሳናስበው አለፈ።

የፋሲካው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ሰሞነ ሕማማት ሰኞ ማታ፣ በርበሬው እየተሻማ ባለበት፣ ሦስተኛው መስመር እንዲህ አለ፤ «ሁለት እናቶች በአምስት ቀን ውስጥ የልጆች እህሉ ሸተተን ብለዋል። ሁለቱም ከአንድ ጊዜ ፍጭ ነው የወሰዱት። የዚያን ጊዜ ሽያጭ አቁሜአለሁ። የቀሩትን 24 ደንበኞች ነገ ጠዋት እደውላለሁ፤ ብራቸውን እንመልሳለን።»

ደሜ ፈላ። 26 ከረጢት በ700 ብር፤ 18,200 ብር ነው። ሳትጠይቀኝ! ደወልኩላት። «ሁለት ሰው ሸተተን ስላለ ስሜን በ24 ቤት ታጠፊያለሽ? ጾም ነው፣ አፍንጫ ነው፣ ምን አውቃለሁ!»

አልጮኸችም። «ደብተርሽ ገጽ 14 ላይ ‹የልጆች እህል ላይ ከተጠራጠርሽ አትጠይቂኝ፣ አቁሚ› ብለሽ ጽፈሻል» አለችኝ።

ጽፌአለሁ። የጻፍኩ ቀን የጻፍኩት ስለሌላ ሰው ስሕተት እያሰብኩ ነበር።

ባትሪ ይዤ ጓዳ ገባሁ። በበልጉ ዝናብ የኋላው ግድግዳ ከላይ ረጥቦ ወርዷል። ጆንያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለበርበሬው ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ከመደርደሪያው አውርጄ እዚያ ያስቆምኩት እኔው ነኝ፤ ሴቶቹ እንኳ አልነኩትም። እጄን ከሥሩ ሰደድኩት፤ ቀዘቀዘኝ። አሸተትኩት። በ61 ዓመቴ ያን ሽታ አላውቀውም ልል አልችልም።

ለውዝና እህል ሲሻግት የሚያፈራው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። መቁላትም ማፍላትም ጨርሶ አያጠፋውም፤ ጉበት ይጎዳል፣ ሕፃን ላይ ደግሞ ይብሳል። «ፀሐይ ላይ አስጥተን እንቆላዋለን» የምትል እናት ካለች፣ እኔም እንደዚያ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ አንዷ እናት ልጇ ተቅማጥ እንደያዘው ነገረችን። ከእህሉ ይሁን ከሌላ ሐኪሙም መለየት አልቻለም። ሕክምናውን ከፈልን። ልጁ ሐሙስ ዳነ፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ግን እኔ በቁሜ አልነበርኩም። የልጅ ልጄን ገንፎ ባስጀመርኩበት እጅ።

አሁን ከረጢቶቹን ከየቤቱ ማን ይሰብስብ? ለሞተረኞቹ ሳምንቱ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው፤ ስልክም አያነሡም። ረቡዕ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የወንድሜ ልጅ ነው። ሁለት ፌስታል ሙሉ ከረጢት ይዟል።

«ያቺ የድሬዋ ልጅ ደወለችልኝ» አለኝ ዓይኔን ሳያይ። «ደንበኞቹን ቤታቸውን የሚያውቅ አንተ ነህ አለችኝ። አክስቴ ልካሽ ነው ስላት፣ አይ፣ እሷ አታውቅም፣ ቁጥርህ ደብተሯ መጨረሻ ላይ አለ አለችኝ።»

በሁለት ቀን ሰባቱ ብቻ ሲቀሩ ሁሉንም ሰበሰበ። ሰባቱ በልተው ጨርሰው ነበር። ከሲኤምሲ እስከ ኮተቤ የማያውቀው በር የለም። የየቤቱን ከረጢት ቁጥር ለልጅቷ በስልክ ያነብላታል፤ እሷ ብሩ እንዲመለስ ለባለቤቴ ትጽፋለች፤ በልጁ እጅ አንድ ሳንቲም አላለፈም። የደከመበትን በከረጢት ሂሳብ ከፈልነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያደርስልናል። ብር መያዝ አይችልም፤ መንገድ ግን ይይዛል። እኔ ዘመድነቱን ብቻ እያየሁ ይህን አላየሁለትም ነበር።

የፋሲካ ዕለት ወንድሜ ሳይደውል መጣ። ስለ ነገሩ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ሲወጣ እንደ ድሮው ሽሮና በርበሬ አስያዝኩት።

ዘንድሮ መስቀል ሰሞን ልጅቷ ከነልጇ መጣች። በጅቡቲው ባቡር ለቡ ጣቢያ ስትደርስ ልቀበላት ሄድኩ። በመልክ አለየኋትም፤ በቪዲዮ ረጅም ትመስለኝ ነበር። «አንቺ!» ስትል ነው ያወቅኳት። ሐልዋና ሙሸበክ ተሸክማ ነበር። ልጇ እግሬን ጨብጦ አልለቅም አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ለቅሶውን በስልክ የሰማሁት ልጅ ነው።

ቤት እንደደረስን ቡና ሳልቆላ ጓዳውን አሳዪኝ አለች። የምትሠራበትን ቤት አይታው አታውቅማ። ከረጢቶቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አዲሱን የእንጨት መደርደሪያ ነካች፤ ግድግዳውንም ነካች። ስልኳን አውጥታ አየች፤ እንደገና ቆጠረች።

«በርበሬ ሁለት ይጎድላል» አለችኝ። «ከፋሲካ ጀምሮ ሁለት ይጎድላል። በየወሩ ስትቆጥሪልኝ ‹ልክ ነው› ትያለሽ።»

ፊቴ ቀላ። ለወንድሜ ያስያዝኩት ነው። ዘመድ ላይ መጻፍ አፍሬ።

ባለቤቴ ከሳሎን ሆኖ ሣቁን ሰማሁት። ልጅቷ አልሣቀችም፤ ስልኳን ሰጠችኝ።

«እንግዲያው ‹ለወንድሜ› ብለሽ ጻፊው» አለች።

መነጽሬን አደረግሁና ጻፍኩት።